ጫትና ዶፓሚን፦ «ትራንስፖርተር» ምንድን ነው?
ቃሊቲ ዳር ጫት ይዞ የሚያድር የከባድ መኪና ሾፌር እንቅልፉ የሚጠፋው ቅጠሉ ጉልበት ስለሆነው አይደለም። የአንጎል ነርቭ ሴል ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አድራሽ ኬሚካል ከለቀቀ በኋላ ትራንስፖርተር የሚባለው ፕሮቲን ከሶዲየም ጋር መልሶ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ መልእክቱ በዋናነት የሚቆመው በዚህ ነው። ኮኬይን ይህን ፕሮቲን ይዘጋዋል። የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ግን እንደ አምፌታሚን (ሌላ አነቃቂ መድኃኒት) በዚያው ገብቶ አሠራሩን ይገለብጠዋል፤ ዶፓሚኑ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሌላው መልእክት አድራሽ ኬሚካል ኖርአድሬናሊንም እንዲሁ፤ ልብ የሚደልቀውና ግፊት የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል፤ በኮባ የሚጠቀለለው ወደው አይደለም። ካቲኖኑ ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ደግሞ ጫቱ ከተቃመ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ «ገና አልመረቀንኩም» ብሎ ሌላ ዙርባ የሚፈታ ሰው የፊተኛው ሳይወርድ ይደርብበታል።