በረኪና፣ ሽቦ እና «የማይዝገው» ብረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሆቴልና በምግብ ቤት ኩሽና ያለ የስቴንለስ ስቲል ጠረጴዛ፣ ላቫንዲኖና ድስት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሳይጸዳ ቀርቶ ሳይሆን በአጸዳዱ ነው።

«ስቴንለስ ስቲል አይዝግም»

ይዝጋል። በውስጡ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለ፤ እሱም ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከዝገት የሚከላከለው ይኸው ሽፋን ነው። ቢጫርም ንጹሕ ከሆነና አየር ካገኘ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ቆሻሻ ተለጥፎበት አየር ካጣ ወይም ጨው ሳይለቀው ከከረመ ግን ይሸነፋል። ለዚህ ነው ጨው የገባበት አዋዜ የፈሰሰበት ጠረጴዛ ሳይጠረግ ማደር የሌለበት። ድስት ላይም ጨው የሚጨመረው ውኃው ከፈላ በኋላ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከሥር የተኛ ጨው ቂጡን ይበላዋል።

«በረኪና ያልነካው ዕቃ አልጸዳም»

ከሁሉም የከፋው ይህ እምነት ይመስለኛል። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ላቫንዲኖ ውስጥ ተደፍቶ ሲያድር ብረቱን በመርፌ እንደተወጋ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳዋል። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ቢሆኑም ወደ ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ጀርም የሚደበቀው እዚያው ነው። ለንጽሕና የተደረገው ነገር ንጽሕናን ያስቸግራል ማለት ነው።

ጀርም መግደል ካስፈለገ መጀመሪያ በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ስቡን ማስለቀቅና ማለቅለቅ ነው፤ ስብና የምግብ ቅሪት ካለ በረኪናው አቅሙን ያጣል። ከዚያ በ1 ሊትር ውኃ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ባለ 5 በመቶ በረኪና ይበቃል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

«በሽቦ ካልተፈገፈገ አይለቅም»

ተራ የብረት ሽቦ ብናኙን ትቶ ይሄዳል። በማግስቱ ቡኒ ነጥብ ሲታይ ባለቤቱ «ሻጩ አታለለኝ» ይላል፤ የዛገው ግን የሽቦው ብናኝ ነው። አርሮ የተጣበቀውን ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ማፍላት፣ ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ማንሳት ይሻላል። የሚፈገፈግ ከሆነም በስፖንጅ፣ ብረቱ ላይ የሚታየውን ሸንተረር ተከትሎ እንጂ እያዞሩ አይደለም።

«ማግኔት ከሳበው ፎርጅድ ነው»

አይደለም። የስቴንለስ ዓይነቶች በቁጥር ይለያሉ። 430 የሚባለው ዓይነት ኒኬል ስለሌለው ማግኔት ይስበዋል፤ ስቴንለስ ግን ነው። 201ን ደግሞ ማግኔት አይስበውም፣ ሆኖም ከ304 ቀድሞ ይዝጋል። ሲገዙ ቁጥሩን መጠየቅ ነው።

«ነጩን ቅርፊት የሚያስለቅቀው የሽንት ቤት አሲድ ብቻ ነው»

ከእነዚህ አሲዶች ብዙዎቹ ሃይድሮክሎሪክ ናቸው፤ ቅርፊቱን ሲያስለቅቁ መከላከያ ሽፋኑንም ይዘው ይሄዳሉ። ቅርፊቱ ከውኃው የቀረ ኖራ ስለሆነ አቼቶ ያሟሟዋል። ከወፈረ አቼቶ የተነከረ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልብሶ ማቆየት፣ ከዚያ አለቅልቆ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው።