«የፊድ ሕግ ሳንሱር ነው» ለምትሉ

ሱስ አስያዥ የማኅበራዊ ሚዲያ ፊዶች (አፑ ስለእኛ ባለው መረጃ እየመረጠ የሚደረድራቸው የፖስትና የቪዲዮ ዝርዝሮች) በሕግ ይገደቡ በተባለ ቁጥር «ይሄማ ሳንሱር ነው!» የሚል አይጠፋም። ሶፍትዌር መሥራት እንጀራዬ ስለሆነ ይህን መስማት በጣም ሰልችቶኛል።

ሳንሱር የጻፍከውን ማጥፋት ነው። የፊድ ሕግ የጻፍከውን አይነካም። የሚነካው ፖስቶቹ የሚደረደሩበትን መንገድ፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ መጀመሩን፣ ገጹ ማለቂያ ማጣቱን፣ ስልኩ በውድቅት ሌሊት መጮሁን ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችውን ሕግ ተመልከቱ። ሕጉ እንደሚለው ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ሱስ አስያዥ ፊድ አይቀርብም፤ ፈቃዱ ከሌለ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም የፊዱ ኖቲፊኬሽን አይላክም። ልጁ ግን የሚከተላቸውን ሰዎች ፖስት እንደልቡ ያያል። ታዲያ የማን አፍ ተዘጋ? ተመሳሳይ የሆነውን የካሊፎርኒያ ሕግ ተቃውሞ ፍርድ ቤት የሄደው ኔትቾይስ የተባለው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ማኅበር ነው። ክርክሩም ፖስቶችን መርጦ መደርደር የኩባንያዎቹ የመናገር ነፃነት ነው የሚል ነው። የእናንተ ነፃነት አይደለም፣ የእነሱ።

«ሱሱ የሰውየው ድክመት ነው» የሚሉም አሉ። ማለቂያ የሌለውን ስክሮል እ.ኤ.አ. በ2006 የሠራው ዲዛይነር አዛ ራስኪን ራሱ በኋላ በይፋ ተጸጽቷል። ድሮ ገጹ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚለውን መጫን ነበረብን። ያቺ ጠቅታ ማሰቢያ ጊዜ ትሰጥ ነበር። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል አድርጌ ነበር። አንዱ ሲያልቅ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየና ስልኩን አስቀምጦ ተነሳ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተቀየረው አንድ ሴቲንግ ነው።

«አልጎሪዝም (ፖስት መርጦ የሚደረድርልን ቀመር) ከታገደ ምን እናያለን?» ሙሉ በሙሉ ይታገድ ያለ የለም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ትልልቆቹ ፕላትፎርሞች የግል መረጃችሁን ሳይመረምሩ የሚደረድሩበት ቢያንስ አንድ አማራጭ እንዲያቀርቡ ነው የተገደዱት።

«የዕድሜ ገደብ ይበቃል።» አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። 16 የሞላው ግን ያው ፊድ ይጠብቀዋል። እኛ አዋቂዎችስ?

ሕጉ እስኪመጣ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ቪዲዮ በራሱ የሚጀምርበትን አጥፉ፤ ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ፤ የምትከተሏቸውን ብቻ የሚያሳይ ፊድ ካለ እሱን ምረጡ። አንዳንዱ አፕ ግን ሲከፈት ተመልሶ ወደ ራሱ ፊድ ይወስዳችኋል። እኔ ከሕግ የምፈልገው ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ጠፍቶ እንዲመጣና የፈለገ ሰው ብቻ እንዲያበራው ነው።