አድሬናሊን ይቀድማል ሲባል ምን ማለት ነው?

ከባድ አለርጂ ስለያዘው ሰው «ሃይድሮኮርቲሶን (እብጠትና መቆጣት የሚቀንስ ስቴሮይድ መድኃኒት) ተሰጥቶት የለ እንዴ፣ አድሬናሊኑ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሰሞኑን እየተመላለሰ ነው።

ጅማ ዙሪያ ማር ሊቆርጥ የወጣ ሰው ንብ ነደፈው እንበል። ሰውነቱ ተንደበደበ፣ ድምፁ ሰለለ፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አዞረው። ይህ ተራ ማሳከክ ሳይሆን አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ ነው። የአየር መተላለፊያው ይጠባል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ግፊት ይወርዳል። ሁለቱንም በደቂቃዎች ውስጥ የሚመልሰው አድሬናሊን ነው። የሚወጋው ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሃሉ ጋ፣ ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል።

የተለመዱት የአለርጂ መድኃኒቶች (አንቲሂስታሚኖች) ማሳከኩን ያበርዳሉ እንጂ ጉሮሮ አይከፍቱም። ሃይድሮኮርቲሶን ደግሞ እስኪሠራ ሰዓታት ይፈጃል። መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ወረፋቸው ኋላ ነው። እነሱን ሲያዘጋጁ አድሬናሊኑን ማዘግየት ነው አደጋው።

አድሬናሊን «ልብ ያቆማል» የሚለው ፍርሃት በአብዛኛው በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር ተምታቶ የመጣ ይመስለኛል። በትክክለኛው መጠን ጭን ላይ ሲወጋ የተለመደው መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ነው፤ ቶሎ ያልፋል።

አድሬናሊን መቅደሙ የትም ቢሆን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን መድኃኒቶች መስጠት አለመስጠት፣ በሽተኛውን ስንት ሰዓት ማቆየት የሚለው ግን በየመመሪያው ይለያያል።

አንዳንዴ የሚረሳ ነገር፦ ተሻለኝ ስላለ ብቻ ብድግ አድርጋችሁ አታስኪዱት። ሲቆም ግፊቱ ድንገት ሊወርድ ይችላል።