እግዜር ሲሰጥ ስምህ ማነው አይልም

ይህ ተረት ከአፋችን የሚወጣው ስንደነቅ ነው። ትናንት የቤት ኪራይ አጥቶ ሲጨነቅ ለከረመው ጎረቤት ሎተሪ ይወጣለታል። "አትወልድም" የተባለችው ሴት መንታ ትታቀፋለች። ያኔ "እግዜር ሲሰጥ ስምህ ማነው አይልም!" እንላለን። ብዙውን ጊዜ ከልብ በመነጨ ደስታ ነው። አንዳንዴ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ቅናት አለበት። "ለእሱ ከሰጠ እኔን ምን ነካኝ?" ማለታችን ነው። እኔም እንዲህ ብዬ አውቃለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ግን ለምን "ስምህ" አለ? "ሥራህ ምንድነው" ማለት ይችል ነበር እኮ። በእኛ አገር ስም ብቻውን አይጠየቅም። "ስምህ ማነው?" ሲባል "የማን ልጅ ነህ?" ይከተላል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በፊት በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ ነበር። አባትህን ወይም እናትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን እየጠራህ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘንድ መድረስ አለብህ። ቆጠራው መሐል ላይ ከተበጠሰ መሬቱ የለም። እኔ ተረቱን የምሰማው በዚህ ጆሮ ነው። "ስምህ ማነው?" ማለት "በምን መብትህ ነው የምትጠይቀኝ?" ማለት ነው። እግዚአብሔር ይህን አይጠይቅም።

ለዚህ ነው ጸጋ የምንለው። ቃሉ ከግዕዙ "ጸገወ" ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሰጠ፣ ለገሰ ማለት ነው። የሠራ ሰው ደመወዙን ቢቀበል ማንም ስጦታ አይለውም።

ተረቱን በደንብ የገለጠልኝ ማቴዎስ ምዕራፍ 20 ላይ ያለው የኢየሱስ ምሳሌ ነው። ባለ ወይኑ ማልዶ ወጥቶ በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ሠራተኞች ይቀጥራል። በ3፣ በ6ና በ9 ሰዓትም ይጨምራል። በመጨረሻ በ11 ሰዓት ይወጣል። አቆጣጠሩ የእኛው ነው፤ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የቀን ሥራ ፈላጊዎች የሚቆሙበትን አደባባይ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ጉልበተኛው በጠዋት ይወሰዳል። እስከ 11 ሰዓት ቆሞ የሚቀረው ማንም ያልመረጠው ነው። "ለምን ቆማችኋል?" ሲባሉ መልሳቸው አንጀት ይበላል፤ የሚቀጥረን አጣን ነው ያሉት። ማታ ሒሳብ ሲከፈል ለእነሱም ሙሉ አንድ ዲናር ደረሳቸው።

ማልደው የገቡት አጉረመረሙ። አንድ ሳንቲም አልጎደለባቸውም፤ ያንገበገባቸው የሌላው ማግኘት ነው። ጌታቸውም ከእነሱ አንዱን "ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?" አለው። በጎረቤቴ ሎተሪ ያን ተረት በተረትኩበት ቀን ይህ ጥያቄ ለእኔ ነበር።

ስም አለመጠየቁ ግን አለማወቅ አይደለም። ቄስ ሊጸልይልህ ስመ ክርስትናህን ይጠይቅሃል፤ ስለማያውቀው ነው። በኢሳይያስ 43 ላይ እግዚአብሔር ራሱ "በስምህም ጠርቼሃለሁ፥ አንተ የእኔ ነህ" ይላል። የተደበቀውን ገበናህን ሳይቀር ያውቃል። እያወቀ ነው የሚሰጥህ። እኔን እንባ እንባ የሚለኝ ይሄ ነው።

ከሁሉ የ11 ሰዓት ሰው ግን በቀራንዮ የተሰቀለው ወንበዴ ነው። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። ሊጾም፣ ሊመጸውት፣ የዘረፈውን ሊመልስ አይችልም። የቀረችው ምላሱ ናት፤ በእሷ "አስበኝ" አለ። "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ። የማን ልጅ እንደሆነ አልተጠየቀም። ሉቃስም ስሙን አልጻፈው። ቤተ ክርስቲያን ስታነሣው "ፈያታዊ ዘየማን" ትለዋለች፤ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ።