«ኢትዮጵያዊ ሆነሽ ማራቶን ምን ያሳስብሻል?»

ሐምሌ ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እያካፋ፣ ጅማ ያለውን የጅሬንን ዳገት እየወጣሁ ነበር። ወተት ይዘው ወደ ከተማ የሚወርዱ አንድ አባት ቆም አሉና «ልጄ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አሉኝ። በርሊን ማራቶን ልሮጥ እየተዘጋጀሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ኢትዮጵያዊ ሆነሽ ማራቶን ምን ያሳስብሻል? ዝም ብለሽ ሂጂና ሩጪ!»

በፍቅር ነው ያሉት። እኔ ግን ሻምፒዮን አይደለሁም። ጅማ የምኖር፣ ከሥራ በፊት የምሮጥ ተራ ሰው ነኝ። በርሊንን በ4 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረስኩ። ከተመለስኩ ወዲህ «እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» የሚለኝ ወጣት በዝቷል። ከጥያቄዎቻቸው ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብና ዓመት ያስከፍላሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገራችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደጋ ላይ ስላደግን ዝግጅት አያስፈልገንም»

ከፍታ ይጠቅማል፣ እውነት ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሕዋሳትን በብዛት ያመርታል። ግን ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት። የብዙ ሻምፒዮኖች መፍለቂያ የሆነችው በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። እኛ የምንተነፍሰው አየርና የበቆጂ ልጆች የሚተነፍሱት አንድ አይደለም። ደግሞም ደም ብቻውን 42.195 ኪሎ ሜትር አይጨርስም። ጡንቻም፣ ጅማትም፣ ሆድም መለማመድ አለባቸው። ይህ ደግሞ የወራት ሥራ ነው።

ማንም ያልነገረኝን ነገር ልጨምር። በርሊን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። መሮጥ ስጀምር ሳንባዬ ተከፈተ፣ ትንፋሼ ቀለለ። ደስ አለኝና የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር ከልምዴ በላይ ፈጠንኩ። 33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ እምቢ አለ። ሳንባ ሲቀል እግር ይታለላል፤ ፍጥነታችሁን በሰዓት ያዙ እንጂ በስሜት አትሂዱ። ሌላው፣ እኛ የለመድነው ዳገትና ቁልቁለት ነው። በርሊን ሜዳ ናት። ሜዳ ላይ አንድ ዓይነት ጡንቻ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ ረጅሙን ልምምድ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ለጥ ያለ አስፋልት ላይ አድርጉት።

«ከተመዘገብኩ ቪዛው አብሮ ይመጣል»

አይመጣም። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የውድድር ምዝገባ ለኤምባሲ አንድ ደጋፊ ወረቀት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ኤምባሲው የሚጠይቀው ትመለሳለህ ወይ ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ቤተሰብ እዚህ እንዳላችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ይመዝናል። ለሼንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል።

ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የመጨረሻው ገደብ ከጉዞው በፊት 15 ቀን ነው። ግን እስከዚያ የሚጠብቅ ሰው ይቀራል፣ ምክንያቱም ቀጠሮ ራሱ በቶሎ አይገኝም፤ ውሳኔውም እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። አሻራ ለመስጠት ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወረቀት ረስታችሁ ብትመለሱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቀዋለሁ፤ በእኔም ደርሷል። ቪዛ ሳይመጣ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጡ።

ስማችሁን ደግሞ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል፣ የአያት ስም ሳይቀር ጻፉ። «የእኔና የአባቴ ይበቃል» ብሎ የተመዘገበ ጓደኛዬ ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም ብሎት ብዙ ተንገላታ። የልደት ቀንም ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር አንዳንዴ በአንድ ቀን ይሳሳታል። እያንዳንዱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ።

«ገንዘብ ካለኝ የትኛውንም እሮጣለሁ»

በርሊን ዕጣ ያወጣል። ቦስተን ግን ቀደም ሲል በሌላ ማራቶን ያስመዘገባችሁትን ሰዓት ይጠይቃል፤ ለ2026ቱ ውድድር ከ18 እስከ 34 ዓመት ላለ ወንድ 2:55፣ ለሴት 3:25 ነበር። ያንን ሰዓት አሟልቶም ቦታ ያላገኘ አለ።

«ከፍለህ የሚወስድህ ኤጀንት አለ»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። አንድ ጎበዝ የሰፈራችን ልጅ፣ ገና 19 ዓመቱ፣ በቴሌግራም ላገኘው «ማናጀር» ቤተሰቡ ላም ሸጠው ገንዘብ ላኩ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ልጁ ሩጫ አቆመ።

አሠራሩን እወቁ። አንድ ውድድር አትሌት ሲጋብዝ ቲኬትና ሆቴል የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ አዘጋጁ ነው። ማናጀሩ ድርሻውን የሚወስደው አትሌቱ ካገኘው ነው። ሳትሮጥ በፊት ገንዘብ አምጣ የሚል ሰው ማናጀር አይደለም። ፈቃድ ያላቸውን የአትሌት ወኪሎች ስም ዝርዝር የዓለም አትሌቲክስ በድረ ገጹ ያወጣል። ውጭ ሄዶ የሚወዳደር አትሌት የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፈቃድም ያስፈልገዋል። «ፌዴሬሽኑ አያስፈልግም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ካላችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ።

«ጫት ቅጠል ነው፣ ምን ያደርጋል?»

ጅማ ሆኜ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ውድድር ላይ ከከለከላቸው ውስጥ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ውድድሩ ሊደርስ ሲል በርጫ ላይ የተቀመጠ ሯጭ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ይዞ መሄዱማ ይቅር፤ ጀርመን፣ እንግሊዝና አሜሪካ ጫት ይዞ መግባት ወንጀል ነው። «ለዘመድ ነው፣ ትንሽ እሽግ ናት» ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ቢኖር፣ ቢቀየማችሁም እምቢ በሉ።

ቡና ግን ነፃ ነው። ካፌይን ከተከለከሉት ዝርዝር የወጣው በ2004 ነው። እኔ የተቆላና የተፈጨ የጅማ ቡና ይዤ ሄጄ፣ በውድድሩ ጠዋት ሆቴል ውስጥ አፍልቼ ጠጣሁ። ሆዴም አወቀው። በሶም ይዤ ነበር። ቅቤና ቋንጣ ግን ተዉት፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይፈቅድም። በሶውን ሳይለወስ፣ ደረቁን ያዙ።

«አበበ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ!»

አዎ፣ ሮም ላይ፣ በ1960፣ በ2:15:16። ግን በባዶ እግሩ መሮጥ ለእሱ አዲስ አልነበረም፣ ይለማመድበት ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ደገመው። የለመደውን ነው ያደረገው። እናንተም ኤክስፖ (ከውድድሩ በፊት ያለው የስፖርት ዕቃ ትርኢት) ላይ ያማረ ጫማ አይታችሁ ለነገ አትግዙ። የለመዳችሁትን ጫማ ደግሞ ጭነት አትስጡት፣ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ሻንጣ ይጠፋል።

«ውሃ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

በ2002 ቦስተን ላይ 488 ሯጮች ደማቸው ተመርምሮ 13 በመቶው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶባቸው ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ብዙ መጠጣት ነበር፤ ውሃ ሲበዛ የደም ጨው ይቀጥናል። ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በየጣቢያው ለመጠጣት ጊዜ ስላለው ይበልጥ ይጋለጣል፤ ማለትም እንደ እኔ ያለው። ሲጠማችሁ ጠጡ።

«ቅዳሜ ደርሼ እሑድ እሮጣለሁ»

መጀመሪያ ነገር፣ የመሮጫ ቁጥር የሚሰጠው ቀደም ብሎ ነው፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ራሳችሁ ቆማችሁ ትወስዳላችሁ። ሌላ ሰው አይወስድላችሁም፣ ለጓደኛም አይተላለፍም። ሰዓቱም እንደየአገሩ ነው። በርሊን መስከረም ላይ ከእኛ በ1 ሰዓት ብቻ ስለምትለይ አይከብድም። ቶኪዮ ግን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች፤ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ብላችሁ ቁጠሩ። የመነሻ ሰዓታቸውንም በእኛ አቆጣጠር እንዳታነቡት። «9 ሰዓት» ካሉ ለእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው።

የበርሊኑ እሑድ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ሰሞን ነው የሚውለው። እኔ ያን ዓመት ደመራ አላየሁም። እናቴ በስልክ የችቦውን ድምፅ አሰማችኝ፣ እኔም ቁጥሬን ማልያዬ ላይ እየሰካሁ አዳመጥኩ።