ተንሳፋፊ ጣሪያ ያለው የነዳጅ ታንክ ምንድን ነው?

ትልልቅ የድፍድፍ ነዳጅ ታንኮችን ከአየር ላይ ብታዩ ብዙዎቹ አፋቸው ክፍት ነው። ጣሪያ አላቸው፤ ግን ግድግዳው ላይ አልተበየደም። ድፍድፉ ላይ ይንሳፈፋል። ታንኩ ሲሞላ አብሮ ይወጣል፣ ሲቀዳ አብሮ ይወርዳል። ክዳኑ ድስቱ አፍ ላይ ሳይሆን ወጡ ላይ ያረፈ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን አስፈለገ? ድፍድፍ ውስጥ ቶሎ የሚተኑ ነገሮች አሉ። ጣሪያው ቋሚ ከሆነ በጣሪያውና በድፍድፉ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል። ቦታው በተን ይሞላል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ተኑ ይለጠጥና በማስተንፈሻው ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ አየር ይገባል። ታንኩ በተሞላ ቁጥር ደግሞ የተጠራቀመው ተን ተገፍቶ ይወጣል። ባለቤቱ ገንዘቡ በነነ ማለት ነው። ጎረቤት ያለው ሰፈር ግን ይተነፍሰዋል፤ ውስጡ ካንሰር አምጪው ቤንዜን አለበት (ለመኪና የምንቀዳው ቤንዚን አይደለም)። ከአየር ጋር የተቀላቀለ ተን የሚጠብቀው ደግሞ ብልጭታ ብቻ ነው።

ተንሳፋፊው ጣሪያ ባዶ ቦታውን ራሱን ያጠፋዋል። በደንብ ከተያዘ ከቋሚ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ትነቱን ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ሲሠራበት ቆይቷል።

አሠራሩ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዙሪያውን አየር የያዙ የታሸጉ ክፍሎች (ፖንቶን) አሉት፤ መሃሉ ግን አንድ ንጣፍ ላሜራ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዳር እስከ ዳር ድርብ ላሜራ ሆኖ በመካከሉ በክፍል በክፍል የተከፈለ አየር አለው። የመጀመሪያው ይረክሳል። ለሰፊ የድፍድፍ ታንክ ምረጥ ብባል ግን ያለማመንታት ድርቡን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን የደረሰው ነው።

ነሐሴ 1983 እ.ኤ.አ. ነበር። እዚያ ባለ ማጣሪያ የነበረው ታንክ ስፋቱ 78 ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር ነው። ጣሪያው ባለ አንድ ላሜራ ነበር። ነፋስ ላሜራውን ሲያርገበግበው ኖሮ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ድፍድፍ እየሰረገ ጣሪያው ላይ ወጣ። እሳቱን የለኮሰው በአቅራቢያው ካለው የማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ማቃጠያ ማማ የወጣ የጋለ ካርቦን ሳይሆን አይቀርም። ጣሪያው ሰጠመ፤ ታንኩ ሙሉ በሙሉ ነደደ። ከዚያ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ወርዶ ታንኩ ግርጌ ያለውን ውሃ ሲያገኘው ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ። የሚነደውን ድፍድፍ ወደ ሰማይ ተፋው። እሳቱ የጠፋው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ጣሪያው ግድግዳውን አይነካም። ዙሪያውን 20 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተውለታል፤ አለዚያ ይነክሳል። ትነቱ የሚያመልጠው፣ መብረቅም አብዛኛውን ጊዜ እሳት የሚለኩሰው እዚሁ ክፍተት ላይ ነው። ስለዚህ ታንክ የሚገዛ ሰው ከጣሪያው እኩል ክፍተቱን ስለሚዘጋው ማሸጊያ መጠየቅ አለበት። ለድፍድፍ የሚመረጠው ግድግዳው ላይ ተጭኖ የሚንሸራተት የብረት ጫማ ያለው ነው፤ ከበላዩ ሁለተኛ የጎማ ማሸጊያ ይደረብበታል። ሁለተኛውን ለማስቀረት የሚደረግ ቁጠባ አይገባኝም። ጣሪያውንና ግድግዳውን በኤሌክትሪክ የሚያገናኙ ማስተላለፊያዎችም መኖር አለባቸው፤ የመብረቁ ኃይል ክፍተቱን ዘሎ እንዳይፈነጥቅ።

ጣሪያው እግሮችም አሉት። ታንኩ ከመጠን በላይ ከተቀዳ በእግሮቹ የታንኩ ወለል ላይ ይቆማል፤ ያኔ የሸሸነው ባዶ ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ጥንቁቅ ኦፕሬተር እዚያ ሳይደርስ ያቆማል።

ለሁሉም ነዳጅ አይሆንም። ናፍጣ ብዙም ስለማይተን ቋሚ ጣሪያ ይበቃዋል። በጣም የሚተን ድፍድፍ ደግሞ ጣሪያው ሥር ያፈላል፤ የአሜሪካ ደንብ የተኑ ግፊት 76.6 ኪሎፓስካል ከደረሰ ተኑ በቱቦ ተሰብስቦ እንዲታከም ያስገድዳል። ኢትዮጵያ የአሰብ ማጣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ ወዲህ ድፍድፍ አታጣራም፤ በጅቡቲ በኩል የምታስገባው የተጣራ ነው። ለቤንዚን የሚመቸው ቋሚ ጣሪያ ከላይ፣ ተንሳፋፊው ከውስጥ ያለው ታንክ ነው።

ዋናው ጠላት ግን ዝናብ ነው። ክፍት ታንክ ላይ የዘነበው ሁሉ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ውሃው ታንኩን ውስጥ ለውስጥ አቋርጦ በሚወርድ ተጣጣፊ ቱቦ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ቫልቭ አለ። ቫልቩ ተዘግቶ ከተረሳ ጣሪያው ውሃ ተሸክሞ ይሰጥማል። ተከፍቶ ከተተወና ቱቦው ውስጥ ከተቀደደ ደግሞ ድፍድፉ ራሱ ሜዳ ላይ ይፈሳል። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ኤፒአይ 650 የተባለው መለኪያ ቱቦው ቢደፈን እንኳ ጣሪያው በ24 ሰዓት የሚወርድ 250 ሚሊሜትር ዝናብ እንዲችል ይጠይቃል። ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ቴክሳስ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ አወረደ። ከሂዩስተን አካባቢ ታንኮች አንዳንዶቹ ጣሪያቸው ሰጠመ፤ የታፈነው ተን በቀጥታ ወደ ከተማው አየር ወጣ።

ስለዚህ ኃይለኛ ዝናብ ወይም በረዶ ባለበት ቦታ የአሉሚኒየም ጉልላት ከላይ ማልበስ ነው የሚሻለው። ዝናቡን ያስቀራል፤ ነፋስ ማሸጊያውን እየዳሰሰ ተን እንዳይወስድም ይከላከላል። ጉልላት መግዛት ያልቻለ ድርጅት ደግሞ ዶፍ ሲወርድ ያን ቫልቭ የሚከፍተው፣ ሲያባራም የሚዘጋው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ፤ ለሌሊት ፈረቃም ጭምር።