የግብር እርከን ምንድን ነው?

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኛ በላይ ያለውን ቤት አራት ልጆች በጋራ ተከራይተውታል። አራቱም የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ሂሳብ ክፍል እንደምሠራ ስለሚያውቁ ወር ሲደርስ በሬ ይንኳኳል።

ባለፈው አንዷ የደመወዝ ስሊፗን ይዛ መጣች። ደመወዟ 3,800 ብር ነው። አለቃዋ 400 ብር ሊጨመርላት እንደሆነ ነግሯታል። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ይቅርብኝ ልበላቸው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ጭማሪው። ከ4,000 ካለፈ የሚቆርጡት 20 በመቶ ነው አሉኝ። 4,200 አድርገውልኝ 840 ሊወስዱብኝ ነው እኮ!»

840ን ከየት እንዳመጣችው ገባኝ። 4,200ን በ20 በመቶ አባዝታ ነው። ማባዛቱ ልክ ነው፣ የተሳሳተው አስተሳሰቡ ነው። ደግሞ የሷ ብቻ ስህተት አይደለም። ዲግሪ የጫኑ ሰዎችም ሲሳሳቱት አይቻለሁ።

እስቲ በሰፈራችን ነገር ላስረዳ። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚያወጡልን ልጆች አሉ። የሚያስከፍሉት በፎቅ ነው። ግራውንድ ላይ ለሚቀር ጀሪካን ምንም አይጠይቁም። አንደኛ ፎቅ የሚወጣው ዋጋ አለው፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አሁን አንዱን ጀሪካን ሁለተኛ ፎቅ ስላወጣችሁ፣ ግራውንድ ለቀረው ክፈሉ የሚላችሁ የለም። አንደኛ ፎቅ ያለውም በአንደኛ ፎቅ ዋጋው ይቀራል።

እርከን ማለት ይሄ ፎቅ ነው። ደመወዝ በአንድ ምጣኔ ተመትቶ አያልቅም፤ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክፍል በገባበት እርከን ምጣኔ ብቻ ይታሰባል። በሐምሌ 2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከ2,001 እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። ስድስት ደረጃ መሆኑ ነው። የኛ ብሎክ ጂ ፕላስ ፎር ስለሆነ አንድ ፎቅ ይጎድለዋል እንጂ ምሳሌው ይሠራል።

የልጅቷን 4,200 እናውጣው። የመጀመሪያው 2,000 ምንም የለበትም። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ይሆናል። የቀረው 200 ብቻ ነው 20 በመቶ የሚያገኘው፤ እሱም 40 ብር። ድምር 340 ብር። ሂሳብ ክፍል ያለን ሰዎች እንዲህ እየከፋፈልን አንውልም። 4,200ን በ20 በመቶ አባዝተን ከ840ው ላይ 500 እንቀንሳለን። ያው 340። «ተቀናሽ» የምንለው 500 ብር ከታችኞቹ ፎቆች ላይ በትርፍ የታሰበውን የሚመልስ ነው። እሷ 840 ላይ ቆማ ነበር፣ ተቀናሹን የነገራት የለም።

እስካሁን በ3,800 የምትከፍለው 270 ብር ነው። ከጭማሪው በኋላ 340። ስለዚህ ከ400ው ውስጥ ግብር የሚወስደው 70 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ ስለሆነ ሌላ 28 ብር ይነሳል። 302 ብር እጇ ይገባል። እርከን በማለፉ ብቻ የተጣራ ደመወዙ የሚቀንስበት ሰው የለም።

ጡረታን ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ሰው ግብርና ጡረታን ያደባልቃል። «እስከ 2,000 ነፃ ነው ተብሎ ይኸው ይቆርጡብናል» የሚሉ አሉ። የሚቆረጠው ጡረታው ነው። እሱ ነፃ የሚባል ወለል የለውም፤ 2,000 ብር የሚያገኘውም 140 ብር ይከፍላል። 3,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 150 ሲሆን ጡረታው 210 ነው። ግብር ቢሻሻልም ጡረታው አይነካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ምጣኔ ሲለወጥ ዝቅተኛ ተከፋይ ምን ይሆናል?

በድሮው ሠንጠረዥ ትንሹ ምጣኔ 10 በመቶ ነበር። በአዲሱ 15 ሆነ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው «ድሃው ላይ ጨመሩበት» ይላል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ድሮ ነፃው 600 ብር ድረስ ብቻ ነበር፤ አሁን 2,000 ሆኗል። 10 በመቶ ይከፈልበት የነበረው ፎቅ በሙሉ ግራውንድ ውስጥ ገባ። 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው ድሮ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፍል ነበር፣ አሁን ምንም። የኛዋ ልጅ በ3,800 ድሮ 457 ብር ከ50 ትከፍል ነበር፣ አሁን 270። ስለዚህ ምጣኔው ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ለዝቅተኛ ተከፋይ ትልቁ ነገር ነፃው ወለል የት ላይ ነው የሚለው ነው። ደመወዙ እዚያው ታች ነው ያለው፤ 30 እና 35 በመቶ ቢለወጥ ባይለወጥ አይደርሰውም።

ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ከ14,000 በላይ የሚከፈለው ሁሉ በማሻሻያው በወር 550 ብር ተርፎለታል። 20,000 ቢያገኝም 550፣ 100,000 ቢያገኝም 550። ልጅቷ የተረፈላት 187 ብር ከ50 ነው። ነፃው ወለል ከፍ ሲል ከላይ ያለውም እዚያው ወለል ላይ ስለሚቆም ይጠቀማል። በእርግጥ ከደመወዝ አንፃር ስናየው የሷ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፣ የባለ 20,000ው ግን 3 በመቶ አይሞላም። እሷ በፐርሰንት ተጠቅማለች፣ እሱ በብር። ገበያ የሚወጣው ደግሞ በብር ነው።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ጉዳይ ሕጉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚሆነው ነው። ነፃው ወለል በ1994 በወጣው አዋጅ 150 ብር ነበር። በ2008 600 ሆነ። ከዚያ እስከ 2017 አልተነካም። በነዚህ ዓመታት ግን የብር አቅም ሲሟሽሽ ከረመ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ባሰ። ደመወዝ ቁጥሩ ከፍ ሲል ፎቆቹ ባሉበት ቆሙ። ጀሪካኑ በዛ፣ ግራውንዱ ሞላ፣ የተረፈው ወደ ላይ ወጣ።

በቁጥር ላሳያችሁ። በ2008 1,200 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ 60 ብር ነበር፣ ማለትም የደመወዙ 5 በመቶ። ይኸው ሰው ደመወዙ ቀስ በቀስ 3,600 ደረሰ እንበል። ሦስት እጥፍ። በዚያው ሠንጠረዥ ግብሩ 417 ብር ከ50 ይሆናል። ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! ዋጋውም ሦስት እጥፍ ከሆነ፣ ሰውየው የሚገዛው አልጨመረም፤ ግብሩ ግን ከደመወዙ 11 በመቶ አልፏል። ማንም አዲስ አዋጅ አላወጀም። በአዲሱ ሠንጠረዥ ወደ 240 ብር ወርዶለታል። ያም ቢሆን ከ6 በመቶ በላይ ነው፣ የ2008ቱ 5 በመቶ ላይ አልተመለሰም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነፃው ወለል ከፍ ይበል እያለ ለዓመታት የጮኸው ለዚህ ነው። ለኔ መፍትሔው ወለሉን በየአሥር ዓመቱ አንዴ ማንሳት አይደለም። በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ቢራመድ ነው የሚሻለው።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ሲጨምርም ይኸው እርከን ይጠብቃል። ከ2018 መጀመሪያ ትንሹ የመንግሥት ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ጭማሪው 1,240 ነበር። ሙሉው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሚያርፍ 248 ብሩ በግብር ይመለሳል። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መቀበል ነው።

ኦቨርታይምም ያው ነው። የኛዎቹ ልጆች «እሁድ የምንሠራው ለመንግሥት ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። በ3,800 ላይ 600 ብር ኦቨርታይም ብትሠራ ግብሩ በ110 ብር ይጨምራል። 490ው የሷ ነው። ይነስ ይብዛ እሷ ትፍረድ፤ እግሯን የሚያማት እሷን ነው።

በመጨረሻ ስሊፕ ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደመወዛችሁ እንደ 3,000 ወይም 3,800 ያለ ድፍን ቁጥር ሆኖ ግብሩ በ50 ሳንቲም ካለቀ ተጠራጠሩ። የድሮው ሠንጠረዥ ተቀናሾች ለዚህ ደመወዝ 142.50 እና 302.50 ነበሩ፤ የአዲሱ ሳንቲም የላቸውም።

ይህን ስናገር አብራት የምትኖረው ልጅ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ሮጣ ወጥታ የራሷን ስሊፕ አመጣች። ሌላ ድርጅት ነው የምትሠራው፣ ደመወዟም 3,800 ነው። ግብር በሚለው ሳጥን ውስጥ 457.50 ይላል።

«ሰኞ ይዘሽው ሂሳብ ክፍል ግቢ» አልኳት። «የቀድሞዎቹን ወራት ስሊፖችም ይዘሽ ሂጂ።»